ባዝራዋ ማስረጃ ናት

የእንስሳት ሐኪሙ ሬሳ የተገኘው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በአምባላይዋ ባዝራ ጋጣ ውስጥ ነው። ጭዱ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ አንድ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጓል። የራስ ቅሉ ከኋላ ባይሰነጠቅ ኖሮ እንቅልፍ የወሰደው ነበር የሚመስለው። ባዝራዋ ከበላዩ ቆማ ድርቆሿን ታኝካለች። ነጭ ስለሆነች ጉልበቷ ላይ የደረቀው ደም ከበሩ ጀምሮ ይታያል።

“ገዳይ ቁርሱን ሲበላ ስደርስ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው” አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ጫማው ጭዱን እንዳይበትን በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄዶ ሬሳው ራስጌ ቁጢጥ አለ።

ባለጋጣው ከበሩ ውጭ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ቆሟል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ አነጠሰ።

“ይቅርታ፤ የፈረስ ጠጉር አይስማማኝም። ውስጥ አልገባም።”

“ሥራዎ ግን ፈረስ ነው።”

“ከአባቴ ወረስኩት። ሰው የሚወርሰውን መርጦ አይወርስም።” አፍንጫውን ጠረገ። “ለማንኛውም እናንተ ስትጨርሱ ለአስር ሰዓት የአንበሶቹን መኪና ጠርቻለሁ።”

“የምን አንበሶች?”

“የአራዊት ማቆያው። ያረጀና የታመመ ፈረስ ይገዛሉ። ሰው የረገጠች ፈረስ ከእንግዲህ ማን ይቀመጥባታል?”

“ጋሼ” አለች አንዲት ሴት ከጋጣው ውስጥ።

እስከዚያ ድረስ ማንም ልብ አላላትም ነበር። የባለጋጣው ታናሽ እህት ናት፤ ወደ አርባ ዓመት ይጠጋታል፤ ግልቢያ አስተማሪ ናት። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቦቲ ተጫምታ በባዝራዋ አንገት በኩል ቆማለች፤ መዳፏን የባዝራዋ አፍንጫ ላይ አድርጋለች። ወንድሟን ሳይሆን ኢንስፔክተሩን ነበር የምታየው።

“ማስረጃ ናት፣ አይደለችም እንዴ? ጉዳዩ ሳያልቅ ማስረጃ ለአንበሳ ይሰጣል?”

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ አያት። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ብዙ ነገር በማስረጃነት ይዟል፤ ምጣድ፣ የልጅ ጫማ፣ አንድ ጊዜ ግማሽ ዛፍ። ትንፋሽ ያለው ማስረጃ ግን ይዞ አያውቅም።

“ትክክል ነሽ” አላት። “ጉዳዩ እስኪዘጋ ማንም አይነካትም።”

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ባዝራዋም አብራ የተነፈሰች መሰለው።

“ሐኪሙ እዚህ ምን ሲሠራ ነበር?”

“ገዢ መጥቶላት ነው። ኮንትራክተር ነው፤ ለልጁ ሊገዛት ያስባል። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስብ ነው የከረመው። ልጅቷን በእሷ ላይ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ትናንት ወደ አስር ተኩል ሐኪሙን ላከው፤ በሽታዋን አይቶ ልግዛ አልግዛ የሚለውን እንዲነግረው።”

“በሽታ አለባት?”

ወደ ባዝራዋ ኋላ ዞራ ጭራዋን አነሳችለት። ከጭራው ሥር፣ ጠጉር በሌለበት ቦታ፣ ጥቋቁር እባጮች እንደ ወይን ዘለላ ተደራርበው ወጥተዋል። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ።

“ዕጢ ነው” አለች። “ነጭ ሆኖ የሚወለድ አምባላይ የለም፤ ሲወለዱ ጥቁር ናቸው፤ እያደጉ ነው የሚነጡት። የድሮ ሰዎች ‘ጥቁረቱ መሄጃ ሲያጣ እዚህ ይጠራቀማል’ ይላሉ። አባቴም እንደዚያ ይል ነበር።”

“ያማታል?”

“አንዳንድ ቀን። ሌሊት ታቃስታለች።”

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ጭራውን ከላይ እስከ ታች አየው። የታችኛው ጠጉር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከላይ አንድ ክንድ ያህሉ ግን ተጨማዷል፤ ሹሩባው ገና እንደተፈታ ጸጉር።

“ይሄስ?”

“ፋሻ ታስሮበት ነበር ማለት ነው። ሐኪሞች ከሥሩ ሲያዩ ጠጉሩ እንዳያስቸግራቸው ይጠቀልሉታል።”

“ፋሻው የታለ?”

ጭዱን በዓይኗ ቃኘችው። “እንጃ። አላየሁም።”

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ወፍራም ነው፤ ቁጭ ሲል ያቃስታል፣ ሲነሳ ይራገማል። ቁስሉን በጓንቱ ጫፍ ዳሰሰው።

“ፈረስ ሲረግጥ ግማሽ ጨረቃ ነው የሚተወው። ይሄ መስመር ነው። በማስመሪያ የተሰመረ።” ዞር ብሎ ከግድግዳው የተያያዘውን የድንጋይ የውሃ ገንዳ አየ። “እንደዚያ ያለ ጠርዝ።”

ኢንስፔክተሩ ቀደም ብሎ አይቶታል። የገንዳው ጠርዝ ዙሪያውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ በአንድ በኩል ብቻ፣ ሁለት ስንዝር ያህል፣ ታጥቦ ነጭቷል።

“ስንት ሰዓት ሞተ?”

“መጀመሪያ ስንት ሰዓት ወደቀ ብለህ ጠይቀኝ” አለ ወፍራሙ። “የወደቀው አመሻሹ ላይ ነው። የሞተው ሊነጋጋ ሲል ነው። በመሐል በሕይወት ነበር። ደሙ ቀስ እያለ ነው ጭንቅላቱ ውስጥ የተጠራቀመው። ያኔ አንድ ሰው አምቡላንስ ጠርቶ ቢሆን፣ ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ ሾርባው ቀዘቀዘ እያለ ነርሶቹን ያማርር ነበር።” ወደ ሬሳው ጠቆመ። “እጁን ከጉንጩ ሥር ያደረገለት ሌላ ሰው እንዳይመስልህ። ራሱ ነው። በርዶት ነው።”

ሳጅኑ ማስታወሻውን ዘጋ። “እንግዲህ ሰውየው አዳልጦት ወደቀ። አደጋ ነው።”

“አዳልጦት ወድቆ፣ ከዚያ ተነስቶ ገንዳውን አጥቦ፣ ፋሻውን ፈትቶ አስቀምጦ፣ ተመልሶ ተኛ?”

“እኔ እንጃ፤ የተማረ ሰው ነው።”

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሳጅን። ፈረስ ጠባቂውን ጥራልኝ።”

ፈረስ ጠባቂውን ሁሉም “ሬዲዮ” ነው የሚሉት፤ በቀን አሥር ቃል ስለማይናገር ነው። ሃምሳውን አልፏል፤ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። የመኖ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ጆንያ ላይ አስቀመጡት። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

“ትናንት ስንት ሰዓት ወጣህ?”

“አስራ አንድ።”

“ቤትህ ገባህ?”

ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

“ስማ፣ ሬዲዮ” አለ ሳጅኑ። “የጎረቤት እንጨት መጋዘን ዘበኛ ሁለት ሰዓት ላይ በኋላው በር ስትገባ አይቶሃል። ጣቢያ ቀይር።”

ሰውየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኢንስፔክተሩ ከወለሉ ተነስቶ ከጋጣዎቹ በላይ ወዳለው የድርቆሽ ቆጥ የሚወጣውን መሰላል አየ። ሳጅኑን ላከው። ሳጅኑ ከድርቆሹ መሐል አንድ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ይዞ ወረደ።

“ሚስቴ አባራኛለች” አለ ሬዲዮ። “ወር ሆነኝ። ጌቶች እንዳያውቁ ወጣ እልና እመለሳለሁ።”

“ታዲያ ትናንት ሌሊት ከሰውየው በላይ ነበር የተኛኸው። ምንም አልሰማህም?”

ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ሲናገር ድምፁ ለራሱም እንግዳ የሆነበት ይመስል ነበር።

“ሲያቃስት ሰምቻለሁ። እሷ መስላኝ። እሷ ሌሊት ታቃስታለች።”

“እና?”

“ዝም በይ አልኳት።”

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ።

“አላቆመችም። ቀን ለፍቼ ስለነበር እንቅልፌ መጥቷል። በጫማዬ ወለሉን ደበደብኩት። ከዚያ ዝም አለች።” ቀና አለ። “ዝም አለ።”

ኢንስፔክተሩ ያችን ሰዓት አሰባት፤ ከላይ ጫማ፣ ከታች ሰው። ሰውየው የሰማው የመጨረሻ የሰው ድምፅ “ዝም በይ” ነው፤ በአንስታይ ጾታ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለ ቆይቶ። “ማታ ጭራዋ ላይ ፋሻ ታስሮ ብታገኝ ምን ታደርግ ነበር?”

“እፈታዋለሁ።”

“ትተኸው ቢያድርስ?”

ሬዲዮ መጀመሪያ እንደ ሰው፣ ከዚያ እንደ ሞኝ አየው። “ጭራ ላይ ፋሻ አያድርም። ደም ይዘጋል። ከሁለት ቀን በኋላ ጭራው በስብሶ ይወድቃል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ፈትቶላት ነው የሚወጣው።”

“አንተ ፈትተህ ምን ታደርገዋለህ?”

ጣት የጎደለውን እጁን አነሳ። “በዚህ ማን ይፈታል? በመቀስ ነው የምቆርጠው። እቆርጥና እጥላለሁ። እመት አስተማሪ ሁልጊዜ ትቆጣኛለች፤ ‘አባከንከው’ እያለች።”

የኮርቻ ክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም መሳቢያ አለ። ሳጅኑ ሲስበው ተጠቅልለው በረድፍ የተደረደሩ ፋሻዎች ታዩ፤ ነጭ፣ ቡኒ፣ አብዛኞቹ አርጅተው የነተቡ። በመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ አለ። ላስቲክነት አለው። አጥብቆ፣ እኩል ጠርዝ ተይዞ፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የተጠቀለለው። ኢንስፔክተሩ ጫፉን ገለጥ አደረገው። ነጭ ረጃጅም ጠጉር ተጣብቆበታል።

ከሟቹ ቦርሳ ውስጥ ተመሳሳይ ሦስት ሰማያዊ ፋሻዎች ገና ከነልባሳቸው ወጡ። ሳጅኑ ልባሱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አነበበ።

“‘አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅመው ይጣሉ’ ይላል።”

“ግን አልተጣለም።”

“ቆጣቢ ገዳይ” አለ ሳጅኑ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ ወጣ ብሎ አነጋግሮ ተመለሰ። “ኮማንደሩ ናቸው። ‘አንድ ሐኪም ፈረስ ቤት ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ ምን ያንቀዠቅዠዋል?’ ይላሉ። እስከ አስር ሰዓት ሰው ካልያዝን በአደጋ ይዘጋ ብለዋል።”

“በአደጋ ከተዘጋ ባዝራዋ ትለቀቃለች።”

“አዎ። ለአንበሶቹ።” ሳጅኑ ትከሻውን ሰበቀ። “አንድ ፈረስ ናት፣ ኢንስፔክተር። አንድ የታመመች ፈረስ።”

ባለጋጣው በግቢው ማዶ ባለው ቤቱ ሳሎን ተቀብሏቸው ተቀመጠ። እዚህ አያነጥስም። ቤቱ ውስጥ የፈረስ ሥዕል እንኳ የለም።

“ሐኪሙ ሲወጣ አላዩትም?”

“ቤተኛ ነው። ሲገባም ‘እንዴት ዋልክ’ አይለኝም፣ ሲወጣም አይሰናበተኝም። ሄዷል ብዬ ነው።”

“አመሻሹ ላይ እርስዎ የት ነበሩ?”

“እዚሁ ሶፋ ላይ። አስራ ሁለት ተኩል ላይ ኮንትራክተሩ ደወለልኝ። ‘ፈረስህ ዕጢ ብቻ ናት፤ ሐኪሙ እንዳትገዛ ብሎኛል፤ በግማሽ ዋጋ ከሆነ ግን ለነፍሴ ስል እወስዳታለሁ’ አለኝ። ለነፍሱ!” ጥርሱን አፋጨ። “ከግማሽ ዋጋህ የአንበሳ ጥርስ ይሻለኛል አልኩት።”

“እህትዎስ?”

“ጓዳ ነበረች፤ ሳህን ስታጥብ። ውሃው ሲንሿሿ ስለነበር ስልኩን በደንብ አልሰማሁትም፤ ‘ዝጊው’ ብዬ ጮኬባታለሁ።”

“አብራችሁ ነው የምትኖሩት?”

“የት ትሄዳለች? ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች። ያቺን ባዝራ ከእናቷ ሆድ በእጇ ስባ ካወጣች ወዲህ ሌላ ነገር አይታያትም። አባታችን ሲሞት እንኳ ጋጣ ነበረች፤ ባዝራዋ ሆዷን አሟት።”

ኢንስፔክተሩ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ጓዳው ገባ። የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ አራት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆና አንድ ድስት ተከምሯል። የሳህኖቹን አንዱን በጥፍሩ ፈገፈገው። ምግቡ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ቢያንስ የትናንት ምሳ ነው። ውሃውን ሳይጠጣ ወጣ።

ኮንትራክተሩን ያገኙት ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳ የሌለው ፎቅ ነው፤ ነፋሱ የሲሚንቶ ከረጢት ያንከባልላል። ራሱ ላይ የብረት ቆብ አድርጎ አንድ ግንበኛ ላይ ይጮሃል። ፖሊሶቹን ሲያይ ድምፁን ቀነሰ።

“ሐኪሙን አላነጋገርኩትም” አለ። “ውጤቱን ዛሬ ሊነግረኝ ነበር ቀጠሯችን።”

“ታዲያ ለባለጋጣው ‘ሐኪሙ እንዳትገዛ ብሎኛል’ ያሉት ከየት አምጥተው ነው?”

“ግምት ነው። ዕጢ እንዳላት አውቃለሁ።”

ኢንስፔክተሩ የሟቹን ስልክ ከፕላስቲኩ ሳያወጣ አሳየው። “ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ። አራት ደቂቃ። የእርስዎ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ለማንም አልደወለም። ስለዚህ አንድም በመጨረሻ ያነጋገሩት እርስዎ ነዎት፣ አንድም…”

“ቆይ፣ ቆይ።” ኮንትራክተሩ ግንበኛውን በእጁ አባረረው። ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። “እሺ። ሐኪሙ ደውሎልኛል። እውነቱን ልንገርዎት፤ ግዛ ነው ያለኝ።”

ሳጅኑና ኢንስፔክተሩ ተያዩ።

“‘ዕጢው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው’ አለኝ። ‘በኃይል አያስጋልቧት እንጂ ለልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ታገለግላለች፤ እንደሷ የዋህ አያገኙም’ አለኝ። ‘ግን ሰውየው ለአንበሶቹ ሊሸጣት ስለሆነ ዋጋ ዛሬውኑ ይቁረጡ፤ እዚያ አያሳድሯት’ አለኝ። ሁለት ጊዜ ነው የደጋገመው፤ ‘ይቁረጡ፣ አያሳድሯት’ እያለ። ከዚያ ‘ቆዩኝ፣ ሰው መጣ’ ብሎ ዘጋው።”

“ለባለጋጣው ግን ተቃራኒውን ነገሩት።”

“ንግድ ነው እኮ። እያመሰገነ የሚገዛ ሰው አይተው ያውቃሉ?” ቆቡን ደግሞ አወለቀ። “ሰው እንደሚሞት በምን አውቃለሁ። በነጋታው እስማማለሁ ብዬ ነበር። ልጄ ትናንት ማታ ስም ስታወጣላት ነበር።”

ዘጠኝ ተኩል ላይ የአንበሶቹ መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። ሾፌሩ እግሩን በመስኮቱ አውጥቶ ጋዜጣ ያነባል።

አስተማሪዋ ባዝራዋን ትቦርሻለች። ደሙን ከጉልበቷ አጥባዋለች። ኢንስፔክተሩ ብቻውን ገባና የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ታጥቦ በነጣው ቦታ፣ ተቀመጠ።

“አለቃዬ በአደጋ ዝጋው ብሎኛል” አላት። “ግማሽ ሰዓት አለኝ።”

ብሩሹ ቆመ። “ከዘጉት…?”

“መኪናውን አይተሽዋል።”

“እሷ አልረገጠችውም።”

“እኔም አውቃለሁ። ግን ሌላ ሰው ካልተገኘ የሚጻፈው እሱ ነው።”

“ሰው ከተገኘስ?”

“ሰው ከተገኘማ እሷ ነጻ ናት።”

እንደዚያ ነው ያላት። ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሐሰት የለም። ከኪሱ ሰማያዊውን ፋሻ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

“ሬዲዮ በመቀስ ይቆርጣል። ወንድምሽ ፈረስ አጠገብ መቆም አይችልም። ኮንትራክተሩ ጭራና ጋማ አይለይም። የሚጣል ፋሻ ፈትቶ፣ አሳምሮ ጠቅልሎ፣ ከነባሮቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ማን ነው?”

ፋሻውን አየችው። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ አንድ ተማሪዋ የተሳሳተ ልጓም ያሰረ ይመስል ተበሳጨች።

“መጠቅለሌን አላውቅም” አለች። “እጄ ነው የጠቀለለው።”

“ንገሪኝ።”

“ድርቆሽ ላመጣላት ስመለስ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። በሩ ጋ ነበርኩ። ‘ይቁረጡ፣ አያሳድሯት’ ይላል። ሁለት ጊዜ አለው። ጋሼ ከአንበሶቹ ጋር እንደሚነጋገር አውቅ ነበር፤ ሐኪሙን እንደዚያ ሲል ስሰማ…” ብሩሹን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። “ገባሁና ‘ማንን ነው የሚቆርጡት?’ አልኩት። ሳቀ። ቀልደኛ ሰው ነው። ‘የሚቆረጠውን ነዋ፤ አንቺን ይቁረጡሽ እንዴ?’ አለኝ። እየሳቀ ነው። እጁ ገና ጭራዋ ላይ ነው። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።”

“ወደቀ። ይተነፍስ ነበር?”

“ይተነፍስ ነበር።”

“ከዚያ ምን አደረግሽ?”

“ጭራዋን ፈታሁላት።”

“ሰውየው እየተነፈሰ?”

“ፋሻ ካደረ ይበሰብሳል” አለች፤ እንደማይገባው ሰው ቀስ ብላ። “ገንዳውን አጠብኩ፤ ደም ያለበት ውሃ አትጠጣም። ስወጣ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝ። የሆነ ነገር አለኝ፤ አልሰማሁትም። በሩን ዘጋሁት። ከነቃ ለአንበሶቹ የሚሰጣትን ወረቀት ይጽፋል፤ ካልነቃ አይጽፍም ብዬ ነው። ጓዳ ገብቼ ደሙን ከእጄ ስታጠብ ነው ጋሼ ‘ውሃውን ዝጊው’ ያለኝ። በእሷ ያሳብቡታል ብዬ አላሰብኩም። እሷ ሰው ረግጣ አታውቅም።”

ኢንስፔክተሩ ሊተወው ይችል ነበር። ቃሏን ሰጥታለች፤ የቀረው መጻፍ ነው። ለምን እንደነገራት በኋላም ራሱን ሲጠይቅ መልስ አላገኘም። ምናልባት ቆጡ ላይ የተኛው ሰውዬ ያወቀውን ያህል እሷም ማወቅ አለባት ብሎ ይሆናል።

“ያነጋግር የነበረው ኮንትራክተሩን ነው” አላት። “‘ይግዟት’ እያለው ነበር። ‘ዋጋ ይቁረጡ፣ እዚህ አያሳድሯት፣ ለአንበሶቹ ሊሸጧት ነው’ እያለው።”

“ዋጋ አላለም።”

“ብሏል። አንቺ በሩ ጋ አልደረስሽም ነበር።”

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። “ዋጋ” አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ድምፅ። ከዚያ ባዝራዋን አቀፈቻትና ግንባሯን ጋማዋ ውስጥ ቀበረች። ባዝራዋ ዞር ብላ ኪሷን አሸተተች፤ የለመደችውን ስላጣች ተመለሰች።

“ግን እሷ ነጻ ናት” አለች አስተማሪዋ ፊቷን ሳታወጣ።

“ነጻ ናት።”

እጇን ለካቴናው ስትሰጥ ሳጅኑ እንኳ አልቀለደም።

ኮንትራክተሩ በአስር ሰዓት ራሱ መጣ። ባለጋጣው በሩ ላይ ቆሞ እህቱን የወሰደው መኪና የሄደበትን መንገድ ያያል። መሐረቡ እጁ ላይ ተጨማዷል።

“አዝናለሁ፣ ወንድሜ” አለው ኮንትራክተሩ። “ያው እንግዲህ ባዝራዋን እኔ ልውሰዳት። ግን አሁን ሬሳ የወጣበት ጋጣ ፈረስ ናት፤ የትናንቱ ዋጋ አይሆንም። የትናንቱን ግማሽ እንበል።”

ባለጋጣው ዞር አላለም። “እህቴን የበላች ፈረስ ናት።”

“ስለዚህ ነው እኮ። እሺ፣ ትንሽ እጨምራለሁ።”

“እህቴን የበላችው ትበላ” አለና ለሾፌሩ እጁን አነሳለት።

ሾፌሩ ጋዜጣውን አጥፎ ወረደ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ኢንስፔክተሩ አዩ፤ ምክንያቱም ገና ማስረጃ ናት፤ ያለ እሱ ፊርማ ከጋጣው አትወጣም። ሳጅኑ የመልቀቂያ ቅጹን ሞልቶ ይዞ ቆሟል። “ገዳይ ከተያዘ፣ ገንዳውና ፋሻው ከተወሰደ፣ እሷን የምንይዝበት ምክንያት የለም” አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። “ጉዳዩ ተዘግቷል።”

ሊያዘገየው ይችል ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ለማን ብሎ፣ እስከ መቼ? ኮንትራክተሩን አየው። ኮንትራክተሩ ሰዓቱን አየ።

“ሙሉውን ይክፈሉትና ይውሰዷት” አለው ኢንስፔክተሩ።

“ለታመመች ፈረስ? ይተዉ እንጂ፣ እኔም ልጅ አሳድጋለሁ።”

ፈረመ። ባዝራዋ ያለ ጉተታ ነው ወደ መኪናው የወጣችው። የዋህ ናት፤ ሁሉም የሚስማማበት ይሄንን ነው። ሬዲዮ ከመኖው ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር።

በአራተኛው ቀን አስተማሪዋ ቃሏን አንብባ እንድትፈርም ወደ ኢንስፔክተሩ ቢሮ አመጧት። ቦቲዋን ወስደውባታል፤ በነጠላ ጫማ ናት። ስድስቱንም ገጽ ሳትዘል አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆመች።

“‘ፋሻውን ደበቀች’ ይላል። አልደበቅኩትም። ቦታው ነው ያስቀመጥኩት።”

አስተካከለላት። እስክሪብቶውን አነሳች፤ ግን ወዲያው አልፈረመችም።

“ጋሼ ሊጠይቀኝ አልመጣም” አለች። “እሷን ለማን እንደሰጣት የሚነግረኝ አጣሁ። ገዢ አገኘች?”

ሳጅኑ ተነስቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ።

“አገኘች” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ልጅ ያለው ሰው ነው?”

“የሚያበላቸው ብዙ ናቸው።”

ፈገግ አለች። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። “እንግዲያውስ ቤቱ ደስ የሚል ይሆናል” አለች። “እሷ ጫጫታ ትወዳለች።”

ኢንስፔክተሩ የመጨረሻውን ገጽ አዙሮ፣ ከታች ባዶ የተተወውን መስመር በጣቱ አሳያት።

“እዚህ ጋ ፈርሚ” አላት።